የሚጠብቁት የፋንታሲ ልብ ወለድ መቼ እንደሚወጣ ከአሳታሚው የጊዜ ሰሌዳ እንዴት መገመት ይቻላል?

ተከታታይ የፋንታሲ ልብ ወለድ የጀመረ አንባቢ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ላይ መድረሱ አይቀርም፤ ቀጣዩ ክፍል መቼ ይወጣል? ብዙው ሰው መልሱን የሚፈልገው ከደራሲው ዘንድ ነው። ስንት ምዕራፍ ጻፈ፣ ለምን ዘገየ፣ ይህን ሳይጨርስስ ለምን ሌላ ሥራ ጀመረ እያለ ይከታተላል። የደራሲው ፍጥነት ወሳኝ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ደራሲው ጽፎ በጨረሰበት ቀንና መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ በሚውልበት ቀን መካከል አብዛኛውን ጊዜ ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል የሚወስድ ሥራ አለ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀኑን የሚቆርጠው የአሳታሚው የጊዜ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው እንዴት እንደሚሠራ የተረዳ ሰው ወሬን ከቁርጥ ቀን ለመለየት ብዙም አይቸገርም።

ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ እንደ ቶር፣ ዴል ሬይ፣ ኦርቢትና ሃርፐር ቮያጀር ያሉትን የአሜሪካና የብሪታንያ አሳታሚዎች አሠራር የሚመለከት ሲሆን፣ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። የእኛን አገር አሠራር የለመደ አንባቢ መጀመሪያ ላይ ግር ሊለው ይችላል። በእኛ ዘንድ ደራሲው ብዙውን ጊዜ የኅትመቱን ወጪ ራሱ ይሸፍናል፣ ከማተሚያ ቤቱ ጋር ራሱ ይዋዋላል፣ ምረቃውን ደግሞ መጽሐፉ ታትሞ እጁ ከገባ በኋላ ይቆርጣል፤ ቀኑ የሚመጣው መጽሐፉን ተከትሎ ነው። በእነዚያ አሳታሚዎች ዘንድ ግን ቀኑ ይቀድማል፤ ሥራው ሁሉ ከዚያ ቀን ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይከፋፈላል።

በመጀመሪያ «ጨረስኩ» ሲባል ምን እንዳለቀ ይጠይቁ

ደራሲያን በድረ ገጻቸው ወይም በቃለ መጠይቅ «መጽሐፉን ጨረስኩ» ሲሉ የሚናገሩት ስለ አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። አንዳንዱ የመጀመሪያውን ረቂቅ ማለቱ ነው፤ አንዳንዱ በአርታዒው አስተያየት መሠረት ያሻሻለውን ረቂቅ፣ ሌላው ደግሞ የመጨረሻውን የማረሚያ ቅጂ ማለቱ ነው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል አንድ ዓመት ሊኖር ስለሚችል፣ ግምትዎን ከመጀመርዎ በፊት ይህን ማጥራት ከሁሉም ይቀድማል።

የመጀመሪያው ረቂቅ ሲያልቅ ወደ አርታዒው ይላካል። አርታዒው መላውን ታሪክ አንብቦ የቱ ገጸ ባሕርይ እንደሳሳ፣ የቱ ምዕራፍ እንደተንዛዛ፣ የትኛው አስማታዊ ሕግ በሌላ ቦታ እንደፈረሰ የሚያትት ረጅም ደብዳቤ ይጽፋል፤ ለብዙ መቶ ገጾች ረቂቅ ይህ ብቻውን አንድ ሁለት ወር ሊወስድ ይችላል። ደራሲው አሻሽሎ ሲመልስና አሳታሚው ረቂቁን በይፋ ሲቀበል አንድ ወሳኝ ምዕራፍ ተዘጋ ማለት ነው። ይህ መቀበል ተራ ነገር አይደለም፤ በአብዛኞቹ ውሎች የደራሲው ቅድመ ክፍያ ተከፋፍሎ ሲሰጥ አንደኛው ድርሻ የሚለቀቀው ረቂቁ ቀርቦ ተቀባይነት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ከደራሲው አንደበት ሊጠብቁት የሚገባው ዋናው ዜና «ጻፍኩ» የሚለው ሳይሆን «አስረከብኩ፣ ተቀበሉኝ» የሚለው ነው። ከዚያ በፊት የሚነገር ማንኛውም ቀን ምኞት ነው ብሎ መያዝ ይሻላል።

ከርክክቡ በኋላ የቋንቋ እርማቱ ይመጣል፤ ይህ ሥራ በፋንታሲ ከሌላው ልብ ወለድ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። አራሚው የእያንዳንዱን ፈጠራ ስም አጻጻፍ፣ የከተሞቹን ርቀት፣ የምናባዊውን ዓለም የዘመን አቆጣጠርና የነገሥታቱን የዘር ሐረግ በአንድ መዝገብ እያሰፈረ በ30ኛው ገጽ የተባለው በ700ኛው ገጽ እንዳይፋለስ ይከታተላል። ተከታታይ ከሆነ ደግሞ መዝገቡ የቀደሙትን ክፍሎች ሁሉ ይጨምራል። ካርታም አለ፤ ሠዓሊው የሚሠራው የቦታዎቹ ስም ካልተለወጠ ጽሑፍ ላይ ተነሥቶ ስለሆነ ደራሲው በመጨረሻው ሰዓት አንድ ወንዝ ቢያዛውር ካርታው ይበላሻል። ቀጥሎ ገጽ ይቀናበራል፤ የማረሚያ ቅጂ ይወጣል፤ ደራሲውና አራሚዎች እንደገና ያነቡታል። የገጹ ብዛት የሚታወቀው እዚህ ላይ ሲሆን፣ የመጽሐፉ ጀርባ ውፍረት የሚለካውም በገጹ ብዛት ስለሆነ ሽፋኑ እንኳ ከዚህ በፊት ሙሉ በሙሉ ሊያልቅ አይችልም።

የድምፅ ቅጂውንም አይርሱ። በአሁኑ ጊዜ አሳታሚዎች የታተመውን መጽሐፍ፣ ኢ-መጽሐፉንና የድምፅ ቅጂውን በአንድ ቀን ማውጣት ይፈልጋሉ። የብራንደን ሳንደርሰን «ዊንድ ኤንድ ትሩዝ» በድምፅ ከ60 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ይህን ያህል ንባብ ለመቅረጽ ተራኪዎቹ የተጣራ ጽሑፍ ይዘው ብዙ ሳምንታት ስቱዲዮ መግባት አለባቸው፤ ያም ማለት ጽሑፉ ከሚወጣበት ቀን ብዙ አስቀድሞ መታሰር ነበረበት።

አንድ ስሌት አብረን እንሥራ

እንበልና ዝናው መካከለኛ የሆነ ደራሲ በፌብሯሪ ወር የመጀመሪያውን ረቂቅ ለአርታዒው ላከ። የአርታዒው ደብዳቤ በኤፕሪል ደረሰው፤ አሻሽሎ በጁላይ መለሰ፤ አሳታሚው ተቀበለ። የቋንቋ እርማቱና የደራሲው ምላሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ሄደ። ገጹ ተቀናብሮ በኖቬምበር የመጀመሪያው የማረሚያ ቅጂ ወጣ። ከዚያው ቅጂ ለሐያሲያን፣ ለመጽሐፍ ሻጮችና ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የሚላክ የቅድመ ኅትመት ቅጂ በዲሴምበር ወይም በጃንዋሪ ተዘጋጀ። እንደ ፐብሊሸርስ ዊክሊ፣ ከርከስና ላይብረሪ ጆርናል ያሉት የሙያ መጽሔቶች አንድን መጽሐፍ ለመገምገም ከመውጫው ቀን ቢያንስ ከሦስት እስከ አራት ወር አስቀድሞ እንዲደርሳቸው ይጠይቃሉ፤ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ብዙውን ግዢያቸውን የሚወስኑት እነዚህን ግምገማዎች አይተው ነው። ጃንዋሪ ላይ አራት ወር ሲጨመር ሜይ ይሆናል።

ስለዚህ መጽሐፉ በጣም ቢፈጥን በሜይ፣ ማለትም ረቂቁ ከተላከ ከአሥራ አምስት ወር በኋላ ሊወጣ ይችላል። ነገር ግን በሜይ መውጣት መቻሉ በሜይ ይወጣል ማለት አይደለም። ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዝግጁ የሆነ መጽሐፍ ባዶ ቦታ እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ ያንን ቦታ የሚሰጠው ደግሞ የወቅት ዝርዝሩ ነው።

መጽሐፉ የገባበትን የሽያጭ ወቅት ይለዩ

አሳታሚዎች ዓመቱን በሁለት ወይም በሦስት የሽያጭ ወቅቶች ይከፍሉታል። በሦስት የሚከፍሉት በጥቅሉ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል፣ ከሜይ እስከ ኦገስት፣ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር አድርገው ይይዙታል። ለእያንዳንዱ ወቅት አንድ ካታሎግ ይዘጋጃል፤ የሽያጭ ሠራተኞች ካታሎጉን ይዘው ለባርንስ ኤንድ ኖብል፣ ለነጻ መጽሐፍ መደብሮችና ለጅምላ አከፋፋዮች የሚያቀርቡት ወቅቱ ከመግባቱ ከግማሽ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ካታሎጉ ሲዘጋ በረቂቅ ደረጃ ያልተረከበ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ ወደሚቀጥለው ወቅት ይሻገራል። የሁለት ሳምንት መዘግየት አራት ወር ሊያስከፍል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ማስታወቂያው ወር ሳይጠቅስ «ሰመር» (ከሜይ እስከ ኦገስት) ወይም «ፎል» (ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር) ብቻ ካለ፣ በአሳታሚው ካታሎግ አከፋፈል ተርጉመው ወደ ወራት ይለውጡት። የእኛ ክረምት ሰኔ ላይ ስለሚገባ «ዊንተር» የሚለውን አይቶ ሐምሌን የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም፤ እነርሱ ግን ጃንዋሪና ፌብሯሪን ማለታቸው ነው።

በአንድ ወቅት ውስጥም እያንዳንዱ ወር የራሱ ጠባይ አለው። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር የታዋቂ ሰዎች የሕይወት ታሪክ፣ የምግብ ዝግጅት መጽሐፍና የትልልቅ ደራሲያን ሥራ ለገና ገበያ የሚጎርፍባቸው ናቸው። በብሪታንያ በኦክቶበር እጅግ ብዙ ጠንካራ ሽፋን መጻሕፍት በአንድ ጊዜ የሚወጡበትን ሐሙስ መጽሐፍ ነጋዴዎች «ሱፐር ተርስዴይ» ብለው ሰይመውታል። በወረርሽኙ ዓመት ቀደም ካሉት ወራት የተገፉት መጻሕፍት ተደራርበው ሴፕቴምበር 3 ቀን 2020 ብቻ ወደ 600 የሚጠጉ ጠንካራ ሽፋን መጻሕፍት እዚያው ብሪታንያ ወጥተዋል። እንዲህ ባለ ቀን የመጀመሪያ ሥራውን ያወጣ ደራሲ የመደብር መስኮት ቀርቶ አንድ አንቀጽ ግምገማ ለማግኘትም ይቸገራል። ስለሆነም አሳታሚዎች ስሙ ያልታወቀ ደራሲን ጸጥ ወዳለው የዓመቱ መጀመሪያ ወይም ከሜይ እስከ ኦገስት ወዳሉት ወራት ይወስዱታል፤ አንባቢው በእጁ የሆነለትን ደራሲ ደግሞ ስጦታ ወደሚገዛበት የዓመቱ መጨረሻ ይገፉታል። የሳንደርሰንን የስቶርምላይት ተከታታይ ብንመለከት ሦስተኛው ክፍል ኖቬምበር 14 ቀን 2017፣ አራተኛው ኖቬምበር 17 ቀን 2020፣ አምስተኛው ዲሴምበር 6 ቀን 2024 ነው የወጡት። ሦስቱም በዓመቱ መጨረሻ ላይ መዋላቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

አንድ ተከታታይ አንድ ጊዜ የተሰጠውን ወር ብዙ ጊዜ ይዞ ይቀጥላል። ኦርቢት የኤን. ኬ. ጀሚሲንን ሦስት ተከታታይ ልብ ወለዶች ያወጣው በኦገስት 2015፣ በኦገስት 2016 እና በኦገስት 2017 ነበር። እንዲህ ያለ ሥርዓት ሲያዩ ለሚቀጥለው ክፍል የመጀመሪያ ግምትዎን በዚያው ወር ላይ ማሳረፍ ይችላሉ፤ ዓመታዊ ልማዱን የጠበቀ ደራሲ ረቂቁን በሰዓቱ እያስረከበ መሆኑንም ከዚሁ መረዳት ይቻላል። በተቃራኒው ዴል ሬይ በ2006 የናኦሚ ኖቪክን የመጀመሪያ ሦስት የቴሜሬር መጻሕፍት በተከታታይ ወራት አውጥቷቸዋል። እንዲህ ማድረግ የሚቻለው ሦስቱም ረቂቆች ቀድመው ሲያልቁ ብቻ ነው፤ አንባቢው ባይጠብቅም ደራሲዋና አሳታሚው ግን ቀደም ብለው ጠብቀዋል።

ቀኑን ወደ ሳምንት ያውርዱት

በአሜሪካ አዳዲስ መጻሕፍት በአብዛኛው ማክሰኞ፣ በብሪታንያ ደግሞ ሐሙስ ይወጣሉ። የኒው ዮርክ ታይምስ የሽያጭ ዝርዝር ሳምንቱን ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ስለሚቆጥር ማክሰኞ የሚወጣ መጽሐፍ አምስት ቀን ሙሉ ይሸጣል፤ ለወራት የተጠራቀመው ቅድመ ትዕዛዝም በዚያው ሳምንት ሽያጭ ላይ ይደመራል። አሳታሚዎች ቀኑን ወራት አስቀድመው ማሳወቅ የሚወዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ቅድመ ትዕዛዝ ነው።

ከተለመደው ቀን ውጪ የተቆረጠ ቀን ካዩ ደግሞ ልዩ ምክንያት ይፈልጉለት። ዲሴምበር 6 ቀን 2024 ዓርብ ነበር፤ ሳንደርሰን ለአንባቢዎቹ በሶልት ሌክ ሲቲ የሚያዘጋጀው ጉባኤም በዚያው ሳምንት ይካሄድ ነበር። የኋለኞቹ የሃሪ ፖተር መጻሕፍት ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥተዋል። ከዚያ ቀደም ሦስተኛው ክፍል በብሪታንያ ጁላይ 8 ቀን 1999 ሐሙስ ሲወጣ ልጆች ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ ሽያጩ የተጀመረው ከሰዓት በኋላ በ9፡45 ነበር። ያው መጽሐፍ አሜሪካ የደረሰው በሴፕቴምበር ስለነበረ መታገሥ ያቃታቸው አሜሪካውያን ከብሪታንያ በኢንተርኔት ማዘዝ ጀመሩ፤ የአሜሪካው አሳታሚ ገበያ እየተወሰደበት መሆኑን አየ፤ አራተኛው ክፍል ጁላይ 8 ቀን 2000 በሁለቱም አገሮች በአንድ ቀን ወጣ። ዛሬ ትልልቅ የፋንታሲ ሥራዎች በሁለቱ አገሮች በአንድ ሳምንት መውጣታቸው የተለመደ ሆኗል፤ ስለዚህ አንዱ አገር ቀን ከቆረጠ ለሌላውም ያንኑ ሳምንት መገመት ብዙ ጊዜ አያሳፍርም።

የውሸት ቀኖችን ይለዩ

የኢንተርኔት መደብሮች ኮምፒዩተር ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ቀን እንዲሞላለት ይፈልጋል። አሳታሚው ቀን ካልሰጠ መደብሩ የይስሙላ ቀን ያስገባል፤ ብዙ ጊዜም የዓመቱን የመጨረሻ ቀን ወይም የአንድ ወር የመጀመሪያ ቀን ይመርጣል። ዲሴምበር 31 የሚል ቀን ካዩ ደስታዎን ያቆዩት። የሳምንቱንም ቀን ይመልከቱ፤ የአሜሪካ መጽሐፍ እሑድ ይወጣል የሚል ገጽ በጥርጣሬ መታየት አለበት። ሽፋን የሌለው፣ መግለጫው ሁለት መስመር ብቻ የሆነ፣ የገጹ ብዛት ደግሞ 400 ወይም 500 ተብሎ በድፍኑ የተቀመጠ መጽሐፍ ገና አልተቀናበረም ማለት ነው። መጻሕፍት የሚታተሙት በ16 ወይም በ32 ገጽ በሚታጠፉ ትልልቅ ወረቀቶች ላይ ስለሆነ እውነተኛው የገጽ ብዛት አብዛኛውን ጊዜ የእነዚህ ብዜት ነው። በእርግጥ 400 የ16 ብዜት ነው፤ ስለዚህ ይህ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ከሌሎቹ ጋር አብሮ መታየት አለበት።

ሊታመኑ የሚገባቸው ምልክቶች በቅደም ተከተል ይመጣሉ። ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ይገለጣል። የቅድመ ኅትመት ቅጂ ያገኙ ሰዎች ፎቶ ማውጣት ሲጀምሩ መጽሐፉ ከአራት እስከ ስድስት ወር ርቀት ላይ ነው። የሙያ መጽሔቶች ግምገማ ሲወጣ አንድ ሁለት ወር ቀርቷል። ደራሲው ከተማ ለከተማ ዞሮ የሚፈርምበት ሰሌዳ ሲታወጅ ቀኑ ከሞላ ጎደል አይለወጥም፤ ምክንያቱም አዳራሽና የአውሮፕላን ቲኬት ተገዝቷል። ለእኔ ከሁሉም በላይ ሚዛን የሚደፋው ይህ የመጨረሻው ነው።

ሕጉ የማይሠራባቸው ሰዎች

እስካሁን የተሰላው ሁሉ ለአብዛኛው መጽሐፍ ይሠራል፤ ለጥቂቶች ግን አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ደግሞ እነዚህኑ ጥቂቶች ነው። ስሙ ብቻውን የሚሸጥ ደራሲ የሙያ መጽሔት ግምገማ አያስፈልገውም፤ መደብሮች ሳያነቡ ያዙታል፤ ማተሚያ ቤቱም ሌላውን ሥራ አስቁሞ የእርሱን ያትማል።

ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ጥሩ ማሳያ ነው። አሳታሚዎቹ «ኤ ዳንስ ዊዝ ድራገንስ» ጁላይ 12 ቀን 2011 እንደሚወጣ ያስታወቁት በማርች መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ደራሲው መጽሐፉ መጠናቀቁን የተናገረው ግን በኤፕሪል መጨረሻ ነው። ከሺህ ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ከመጠናቀቁ እስከ መውጣቱ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም። ይህ የሆነው ምዕራፎቹ ሲደርሱ ሲደርሱ ለአርታዒዎቹ ይላኩ ስለነበረ እርማቱ ከጽሕፈቱ ጎን ለጎን በመሄዱ ነው። በጃንዋሪ 2016 ደግሞ ማርቲን የሚቀጥለው ክፍል ለምን እንዳልደረሰ ለአንባቢዎቹ ሲያስረዳ የአሳታሚዎቹን ስሌት ሳይደብቅ አስቀምጦታል። በመጽሐፎቹ ላይ የተመሠረተው የቴሌቪዥን ድራማ ስድስተኛ ምዕራፍ በኤፕሪል ስለሚጀምር መጽሐፉ ከማርች መጨረሻ በፊት እንዲወጣ ይፈለግ ነበር፤ ለዚህም ረቂቁን እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ማስረከብ ነበረበት። እንደማይደርስ ሲነግራቸው ኅትመቱን የሚያፋጥን ተለዋጭ ዕቅድ አዘጋጅተው ጠበቁት፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካስረከበ አሁንም በማርች ማውጣት እንደሚችሉ ነገሩት። እርሱም አልሆነም። ከዚህ የምንረዳው አንድ አሳታሚ ኃይሉን ሁሉ ቢያሰባስብ፣ መጽሐፉ የቱንም ያህል ቢወፍር፣ ከርክክብ እስከ ሽያጭ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ጊዜ ሦስት ወር ገደማ መሆኑን ነው። ስለዚህ ይህን ደራሲ የሚጠብቅ ሰው ረቂቁ መጠናቀቁን ሳይሰማ በሚቀጥለው ወር ይወጣል የሚል ወሬ ቢደርሰው ሊያምን አይገባም።

በሬቤካ ያሮስ ሥራዎች ላይ የታየው ደግሞ በክፍሎች መካከል ያለው ርቀት እንዴት እንደሚያሳስት ያሳያል። «ፎርዝ ዊንግ» በሜይ 2023 ወጥቶ ገበያውን ሲያናውጥ ሁለተኛው ክፍል ከስድስት ወር በኋላ ኖቬምበር 7 ቀን 2023 ተከተለ። ሦስተኛው ግን እስከ ጃንዋሪ 21 ቀን 2025፣ ማለትም ከአሥራ አራት ወር በላይ ቆየ። በሁለቱ የመጀመሪያ ክፍሎች መካከል ያለውን ርቀት ይዞ ሦስተኛውን ያሰላ ሰው ከግማሽ ዓመት በላይ ስቷል ማለት ነው። የሁለት መጻሕፍት ርቀት ልማድ አይባልም፤ ቢያንስ ሦስት ክፍሎችን ካላዩ በቀር አይነሡበት።

ራሱ የሚያሳትም ደራሲም ቢሆን ከኅትመት ጊዜ አያመልጥም። ሳንደርሰን በማርች 2022 በወረርሽኙ ጊዜ በምስጢር የጻፋቸውን አራት ልብ ወለዶች ኪክስታርተር በተባለው የሕዝብ መዋጮ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ለአንባቢዎች አቅርቦ ከ41 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ረቂቁ ነበረው፤ ገንዘቡም ነበረው፤ ካታሎግና የሙያ መጽሔት አያስጨንቁትም ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ ግን የወጣው በጃንዋሪ 2023 ነው። ያጌጠ ሽፋን፣ ባለቀለም ሥዕልና የተመረጠ ወረቀት ያለው እትም ጊዜ ይወስዳል፤ በተለይ በእስያ ታትሞ በመርከብ የሚጓጓዝ ከሆነ በባሕር ላይ የሚያጠፋውን ጊዜ መጨመር ያስፈልጋል። ዳሩን በቀለም ያስጌጡ ልዩ እትሞችን የሚጠብቁ አንባቢዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ቀኑ ሲገፋ እንዴት ይነበባል?

ቀን የመገፋቱን ትርጉም ከተገፋበት ርቀት መለየት ይቻላል። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ከሆነ ብዙ ጊዜ የማተሚያ ቤት፣ የማጓጓዣ ወይም ከሌላ ትልቅ መጽሐፍ የመሸሽ ጉዳይ ነው፤ መጽሐፉ አልቋል፤ ሊያሳስብዎ አይገባም። አንድ ሙሉ ወቅት ከተገፋ ረቂቁ በካታሎጉ መዝጊያ ላይ አልደረሰም ብሎ መገመት ይቻላል፤ የቶሚ አዴየሚ ሁለተኛ ክፍል ለ2019 መጀመሪያ ታስቦ በመጨረሻ የወጣው ዲሴምበር 3 ቀን 2019 ነበር። ቀኑ ጨርሶ ከተነሣና በምትኩ ሌላ ካልተሰጠ ግን ስሌቱ ወደ ዜሮ ተመልሷል፤ ከዚያ በኋላ ከርክክብ ዜና በቀር ሌላ ነገር መከታተል ትርፉ ድካም ነው።

ቅድመ ትዕዛዝ የሰጡ ከሆነ ቀኑ ሲገፋ ትዕዛዙ አብሮ መሻገሩን ያረጋግጡ፤ አንዳንድ መደብሮች የተነሣ ቀንን እንደ ስረዛ ስለሚቆጥሩት ሳይነግሩ ያጠፉታል።

ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ ሆኖ ለሚጠብቅ

ኢ-መጽሐፉና የድምፅ ቅጂው በአብዛኛው ከታተመው ጋር በአንድ ቀን ይወጣሉ፤ ነገር ግን ሕግ አይደለም። የሮበርት ጆርዳን ተከታታይ የመጨረሻው ክፍል «ኤ ሜሞሪ ኦቭ ላይት» ጃንዋሪ 8 ቀን 2013 በጠንካራ ሽፋን ሲወጣ ኢ-መጽሐፉ እስከ ኤፕሪል እንዲቆይ ተደርጎ ነበር። ለታተመው ደግሞ የብሪታንያ አሳታሚዎች ወደ ውጭ ለሚላከው ገበያ በጠንካራው ሽፋን ምትክ ትልቅ መጠን ያለው ለስላሳ ሽፋን እትም በዚያው ጊዜ ያወጣሉ፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች መደብሮችና አውሮፕላን ማረፊያዎች የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ዋጋውም ክብደቱም ይቀንሳል፤ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ለሚያስመጣ ሰው ደግሞ ክብደቱ ከዋጋው ያላነሰ ጉዳይ ነው።

ርካሹን ትንሽ ለስላሳ ሽፋን የሚጠብቅ አንባቢ ከጠንካራው ሽፋን በኋላ አንድ ዓመት ገደማ ይቁጠር። አሳታሚዎች የቀደመውን ክፍል በለስላሳ ሽፋን የሚያወጡት አዲሱ ክፍል ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት መሆኑ የተለመደ ነው፤ ያልደረሰበት አንባቢ በርካሽ ገዝቶ እንዲደርስ ነው ዓላማው። ስለዚህ የለስላሳው ቀን ሲቆረጥ ቀጣዩ ክፍል መቃረቡን የሚጠቁም ይሆናል። ጠንካራው ሽፋን አሁንም በብዛት እየተሸጠ ከሆነ ግን አሳታሚው ለስላሳውን ለማውጣት አይቸኩልም፤ በጁላይ 2011 የወጣው «ኤ ዳንስ ዊዝ ድራገንስ» በአሜሪካ በኪስ መጠን የተሸጠው በኦክቶበር 2013 ነበር፤ ከእርሱም በኋላ የተከተለ አዲስ ክፍል አልነበረም። ይህን ምልክት ከረቂቁ ዜና ጋር ካላገናኙት በቀር ብቻውን አይመኑት።